ሳይከራከሩ የተፈረደባቸው ሰዎች በየትኛው በር ይግቡ?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ቤትና መሬት ሙግት በጋዜጣ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ከሳሽና ተከሳሽ ሆነው ፍርድ ቤት ስለሚቆሙ ሰዎች ነው። እኛ በፍትሐ ብሔር ክርክር ላይ የምንሠራ ጥቂት ጠበቆች ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ስለ ሌላው ሰው ነው፤ ማለትም በመዝገቡ ላይ ስሙ ሳይኖር፣ መጥሪያ ሳይደርሰው፣ የሚኖርበት ቤት ወይም የሚያርሰው መሬት «የእገሌ ነው» ተብሎ ስለተፈረደበት ሰው። እንዲህ ያለው ሰው ነገሩን የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። የአፈጻጸም ሠራተኛ ቤቱን ሊያስረክብ ሲመጣ፣ የሐራጅ ማስታወቂያ በር ላይ ሲለጠፍ ወይም ግብር ሊከፍል ሄዶ «ፋይሉ ታግዷል» ሲባል። ከዚያ በኋላ መብቱን የሚያጣው ሕጉ ስላልጠበቀው ሳይሆን የተሳሳተ በር ሲያንኳኳ ጊዜው ስለሚያልፍበት ነው።

ዋናው በር በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 358 ነው፤ በክርክሩ ያልነበረ ሰው ፍርዱን የሚቃወምበት የመቃወሚያ ማመልከቻ። ሕጉ የሚጠይቀው አራት ነገር ነው። አመልካቹ በመጀመሪያው ክርክር ተከራካሪ ሊሆን የሚችል ወይም ሊሆን ይገባው የነበረ መሆን አለበት። የተሰጠው ፍርድ ጥቅሙን የሚነካ መሆን አለበት። በክርክሩ ውስጥ ራሱም ሆነ ተወካዩ ያልነበሩ መሆን አለባቸው። አራተኛው፣ ሰዎች በብዛት የሚወድቁበትም እሱ ነው፣ ፍርዱ ገና ያልተፈጸመ መሆን አለበት። መቃወሚያው የሚቀርበው ፍርዱን ለሰጠው ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ ግራ ቀኙን ጠርቶ ከሰማ በኋላ በቁጥር 360 መሠረት ፍርዱን ሊያጸና፣ ሊያሻሽል ወይም ሊሰርዝ ይችላል።

ሦስተኛው ነጥብ፣ «ራሱም ሆነ ተወካዩ» የሚለው፣ ብዙዎች በቀላሉ ያልፉታል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በዐረብ አገር የሚኖር ሰው ለወንድሙ ውክልና ሰጥቶ ወንድሙ በዚያ ውክልና ፍርድ ቤት ቀርቦ ከተሟገተና ከተረታ፣ ባለቤቱ «እኔ አልነበርኩም» ብሎ በ358 መምጣት አይችልም፤ በሕግ ዓይን ነበረ። ሊያነሳው የሚችለው ጥያቄ ሌላ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ያለ ልዩ ውክልና የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ፣ በመያዣ መስጠት፣ መታረቅ፣ ክስ ማቅረብም ሆነ በክስ መከራከር አይችልም ይላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የውክልናው ጽሑፍ ነው። «ስለ እኔ ሆኖ እንዲያስተዳድር» ብቻ የሚል ከሆነ ወንድምየው ፍርድ ቤት የቆመው ያለ ሥልጣን ነው፤ ክርክሩም በዚያ ላይ ይሆናል። «እንዲከራከር፣ እንዲታረቅ» የሚል በግልጽ ተጽፎ ከተገኘ ግን በሩ ተዘግቷል፤ ቀሪው በተወካዩ ላይ የሚቀርብ የኪሣራ ጥያቄ ነው።

ከዚሁ ጋር የወራሾች ነገር አለ። አባት ተከሶ ተረቶ ከሞተ ልጆቹ «እኛ ያኔ አልተጠራንም» ብለው መቃወም አይችሉም። መብታቸው ከአባታቸው የመጣ ነው፤ አባታቸው ያጣውን አልወረሱም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 5 አንድ ጊዜ የተፈረደ ነገር በተከራካሪዎቹና ከእነሱ መብት በተላለፈላቸው ሰዎች መካከል እንደገና አይከፈትም የሚለው ለዚህ ነው። ነገር ግን እነዚያው ልጆች «ቤቱ የእናታችንም ነበር፤ እናታችን ቀድማ ስትሞት ግማሹን ከእሷ ወርሰናል፤ አባታችን የተሟገተው ብቻውን ነው» ካሉ ነገሩ ይለወጣል። በእናታቸው በኩል የመጣው ድርሻ በአባታቸው ሽንፈት አይነካም። ማመልከቻው «እኛ የእገሌ ልጆች ነን» ብሎ ከጀመረ ውድቅ ይሆናል፤ «የእገሊት ወራሾች ነን» ብሎ ከጀመረ ይሰማል። አንድ መስመር ብዙ ነገር ይወስናል።

አሁን ስለ በሮቹ። 358ን ከሌሎቹ መለየት ካልተቻለ የቀረው ሁሉ ከንቱ ድካም ነው።

ክርክሩ ገና ካላለቀ በሩ ቁጥር 41 ነው፤ ጣልቃ መግባት። ጥቅም ያለው ሰው ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት በማናቸውም ጊዜ ማመልከት ይችላል። ከሁሉም ርካሹና ፈጣኑ መንገድ ይኸው ነው፤ ሰው ግን «እስቲ ማን እንደሚረታ ልየው» ብሎ ያሳልፈዋል። ችሎት ደግሞ ጉዳዩን ከመጀመሪያው እያወቀ ቁጭ ብሎ ፍርዱ ሲያመልጠው ብቻ የሚነሳን ሰው በጥሩ ዓይን አያየውም።

ስምዎ በመዝገቡ ላይ ካለ፣ ነገር ግን መጥሪያ ሳይደርስዎ በሌሉበት ከተፈረደ፣ እርስዎ ሦስተኛ ወገን አይደሉም፤ ተከሳሽ ነዎት። በርዎ ቁጥር 78 ነው። ፍርዱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ ያለዎት አንድ ወር ብቻ ነው። እዚህ ላይ በጋዜጣ የሚወጣውን ጥሪ ማስታወስ ያስፈልጋል። ተከሳሹ በአድራሻው ካልተገኘ ፍርድ ቤት በቁጥር 105 መሠረት ጥሪው በማስታወቂያ እንዲወጣ ሊያዝ ይችላል። ማስታወቂያው ወጥቶ ያላየ ሰው ተከራካሪ ነው እንጂ ሦስተኛ ወገን አይደለም። በ358 ቢያመለክት ውድቅ ይደረግበታል፤ እስኪነገረው ድረስ ደግሞ የ78ቱ አንድ ወር ያልፋል። ስለዚህ ከማመልከት በፊት መዝገቡን ማየት፣ የተከሳሾችን ስም ከነአባትና ከነአያት ማንበብ ግድ ነው።

ይግባኝ የተከራካሪ መንገድ ነው። ያልተከራከረ ሰው ይግባኝ ቢል የይግባኝ መብት የለህም ተብሎ ይመለሳል። ይህን የምንጽፈው ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ በላይ ፍርድ ቤት ስለሆነ ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያምታታው ግን ቁጥር 418 ነው። ልዩነቱን በምሳሌ እንየው። አቶ ሀ ከወ/ሮ ለ ገንዘብ ተበድሮ ተፈረደበት እንበል። ፍርዱ ስለ ገንዘብ ነው፤ ስለ ቤት አንድም ቃል የለበትም። ወ/ሮ ለ በአፈጻጸም የአቶ ሀ ነው ብላ ያስከበረችው ቤት ግን የእርስዎ ነው። እርስዎ ፍርዱን የሚቃወሙበት ምክንያት የለም፤ አቶ ሀ ቢበደር ባይበደር ምን አገባዎት? የሚቃወሙት የንብረቱን መከበር ነው። በሩ 418 ነው፤ የሚያመለክቱትም አፈጻጸሙን ለያዘው ችሎት ነው። ማሳየት ያለብዎት ንብረቱ በተከበረበት ቀን በእርስዎ እጅ እንደነበረ ወይም መብት እንደነበረዎት ነው። ችሎቱ አጣርቶ ንብረቱን ሊለቅ ወይም ጥያቄዎን ሊነፍግ ይችላል። ትእዛዙ የተላለፈበት ወገን በቁጥር 421 መሠረት መብቱን ለማስከበር አዲስ ክስ ማቅረብ ይችላል።

በአንጻሩ ፍርዱ ራሱ «ቤቱ የከሳሽ ነው፤ ተከሳሽ ያስረክብ» ወይም «ይዞታው ለሁለት ይከፈል» የሚል ከሆነ መብትዎን የነካው ፍርዱ ነው፤ በሩ 358 ነው። አንድ ላይ ቀላቅሎ «በ358 እና በ418 መሠረት» ብሎ የሚጽፍ ማመልከቻ በየሬጅስትራሩ እናያለን። ዳኛ ያንን ሲያይ አመልካቹ ምን እንደሚፈልግ አያውቅም ብሎ ነው የሚጀምረው።

አንድ ሌላ ጉዳይ አለ። ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት በራሱ ሐራጅ ሲሸጥ ፍርድ የሚባል ነገር የለም። ፍርድ ከሌለ መቃወሚያም የለም። ያለ ፈቃዷ ቤቷ በመያዣ የተሰጠባት ሚስት የሚያዋጣት መደበኛ ክስ ነው።

ወደ አራተኛው ነጥብ እንመለስ፤ ወደ አፈጻጸሙ። ሕጉ «ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት በማናቸውም ጊዜ» ስለሚል በወር ወይም በቀን የተቆረጠ ገደብ የለውም። ይህ ሰውን ያዘናጋዋል። አንድ ፍርድ አፈጻጸም እስኪጠየቅበት ድረስ እስከ አሥር ዓመት ተኝቶ ሊቆይ ይችላል፤ አፈጻጸሙ ከተጀመረ ግን በአንድ ሳምንት ሊያልቅ ይችላል። ቤቱ ተሸጦ፣ ገዥው ገንዘቡን ከፍሎ፣ ካርታው በስሙ ከዞረ በኋላ የሚመጣ መቃወሚያ «ፍርዱ ተፈጽሟል» በሚል አንድ መስመር ይዘጋል። «ባለቤትነቱ የእገሌ ነው» ብሎ ብቻ የሚያውጅ ፍርድ መቼ ተፈጸመ ይባላል የሚለው ራሱ የሚያከራክር ነው። እኛ ስም ዝውውሩን የመጨረሻ ቀን አድርጎ መቁጠር ይሻላል እንላለን፤ ከዚያ በፊት የገባ ማመልከቻ የሚቆምበት መሬት አለው።

አፈጻጸሙ ካለቀስ? መብቱ ሞተ ማለት አይደለም። ያልተከራከረን ሰው የቁጥር 5 ክልከላ ስለማይይዘው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1206 የባለቤትነት ክስ አዲስ መዝገብ ማስከፈት ይችላል። ግን አሁን ከሳሽ እሱ ነው። የዳኝነት ገንዘብ ይከፍላል፣ ማስረዳቱ እሱ ላይ ነው፣ ንብረቱም ምናልባት በሌላ ገዥ እጅ ገብቷል። የ358 ጥቅሙ ይህን ሁሉ አስቀድሞ ማዳኑ ነው።

ማመልከቻው እንዴት ይዘጋጅ? በመጀመሪያ የፍርዱን ግልባጭ በፍርድ ቤቱ ማኅተም አረጋግጦ ማውጣት። ተከራካሪ ላልሆነ ሰው መዝገብ ቤት ግልባጭ ለመስጠት ያመነታል፤ ጥቅምዎን የሚያሳይ ሰነድ ይዘው በአጭር ማመልከቻ ይጠይቁ። ጉዳዩ በይግባኝ ወይም በሰበር ታይቶ ከሆነ የእነዚያንም ግልባጭ ያውጡ፤ በመጨረሻ የሚፈጸመው የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ የት እንደሚቀርብም አይታወቅም። የአፈጻጸም መዝገብ ተከፍቶ እንደሆነ ለብቻው ይጠይቁ፤ ቁጥሩ ከዋናው መዝገብ የተለየ ነው።

ማመልከቻው ላይ የፍርድ ቤቱ ስም፣ የመዝገቡ ቁጥር፣ ፍርዱ የተሰጠበት ቀን፣ የከሳሽና የተከሳሽ ስም ይጻፋል፤ ሁለቱም ተጠሪ ይሆናሉ። የረታውን ብቻ ጠርቶ የተረታውን የሚተው ማመልከቻ ጉድለት አለበት፤ ፍርዱ ከተለወጠ ሁለቱንም ይነካል። ቀጥሎ የአመልካቹ ጥቅም ምን እንደሆነ በግልጽ ይጻፋል። «መብቴ ተነክቷል» ብሎ ማለፍ አይበቃም። «በ… ዓ.ም. በተፈጸመ ጋብቻ ውስጥ የተሠራ ቤት ስለሆነ ግማሹ የእኔ ነው» ወይም «በውርስ ከሦስቱ እጅ አንዱ የእኔ ነው» ይባላል። ከዚያ ለምን በክርክሩ እንዳልገቡና መቼ እንዳወቁ። ይህን በቃለ መሐላ ማስደገፍ የተለመደና የሚበጅ ነው፤ በሐሰት የተማለ እንደሆነ ግን በወንጀል እንደሚያስጠይቅ አስቀድሞ ይታወቅ።

የሚጠየቀው ዳኝነት ላይ ሰው ይስታል። ግማሽ ድርሻ ያለው ሰው «ፍርዱ በሙሉ ይሰረዝልኝ» ሲል ይሰማል። ያ የማይገባውን መጠየቅ ነው፤ ለተጠሪውም ጥሩ መልስ ይሰጠዋል። «ፍርዱ የእኔን ግማሽ በሚመለከት ይሻሻልልኝ» የሚል ጠባብ ጥያቄ ለመስጠት ይቀላል። በመጨረሻ የማስረጃ ዝርዝር፣ የምስክሮች ስምና አድራሻ ይያያዛል። ቅጂው ለፍርድ ቤቱ አንድ፣ ለእያንዳንዱ ተጠሪ አንድ፣ ለራስ ደግሞ የገባበት ማኅተም ያረፈበት አንድ።

እግድ! ይህን ቃል ለብቻው የጻፍነው መቃወሚያ ማቅረብ በራሱ አፈጻጸምን ስለማያስቆም ነው። ማመልከቻው ገብቶ የቀጠሮ ቀን ከወር በኋላ ቢሰጥ በመካከሉ ሐራጁ ሊካሄድ ይችላል። ስለዚህ በዚያው ቀን፣ በተለየ ወረቀት፣ አፈጻጸሙ እስከ ውሳኔ ድረስ እንዲታገድና ንብረቱ ከሽያጭና ከስም ዝውውር እንዲጠበቅ ይጠየቃል። ትእዛዙ ሲወጣ ሥራው አላለቀም። ደብዳቤው ለአፈጻጸም ችሎቱ ወይም ለአፈጻጸም ክፍሉ፣ ለመሬት ይዞታ ጽሕፈት ቤቱ፣ እንዲሁም ለውልና ማስረጃ መድረስ አለበት፤ በደረሰበት ቦታ ሁሉ «ገቢ ሆኗል» የሚል ማኅተምና ቁጥር ይያዝ። በደብዳቤው ላይ የካርታ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፣ ክፍለ ከተማና ወረዳ ይኑር። በአዲስ አበባ ንብረቱ በአሮጌው አጠራር «ከፍተኛ ይህን፣ ቀበሌ ያን» ተብሎ በፍርዱ ተጽፎ፣ ፋይሉ ደግሞ በአዲሱ ወረዳ ስም ይሆናል፤ ጽሕፈት ቤቱም «እንዲህ ያለ ይዞታ የለንም» ብሎ ይመልሳል። በተለይ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ከተቋቋመ ወዲህ ፋይላቸው ከአንዱ ክፍለ ከተማ ወደ ሌላው የተዛወረ ይዞታዎች ላይ ይህ ይደርሳል። ሁለቱንም አድራሻ ጎን ለጎን ማስጻፍ ነው።

ስለ ማስረጃ። በከተማ ቤት ክርክር ሚዛኑ የሚጀምረው ከፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1195 ነው፤ የባለቤትነት ማረጋገጫ በስሙ የተሰጠው ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል። ግምቱ ግን ሊፈርስ ይችላል፤ ቁጥር 1196 ካርታው ከደንብ ውጭ ወይም ሥልጣን በሌለው አካል እንደተሰጠ ወይም ካርታው ከተሰጠ በኋላ ሌላ ሰው ባለቤት እንደሆነ ማስረዳት ይቻላል ይላል። ስለዚህ «ሃያ ዓመት ኖሬበታለሁ» ብሎ ብቻ በካርታ ላይ መቆም አይቻልም። የመብራትና የውኃ ደረሰኝ መኖርን እንጂ ባለቤትነትን አያሳይም። የግብር ደረሰኝ ከዚያ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን ብቻውን አይበቃም።

ለትዳር ጓደኛ የተሻለ መሣሪያ አለ። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በጋብቻ ጊዜ የተገኘ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታል (ቁጥር 63)። የማይንቀሳቀስ የጋራ ንብረት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል (ቁጥር 68)። ወጥመዱ ቁጥር 69 ላይ ነው። ያለ ስምምነት የተደረገውን ውል ለማፍረስ ካወቁበት ቀን ጀምሮ ስድስት ወር፣ በማናቸውም ሁኔታ ደግሞ ውሉ ከተደረገ ሁለት ዓመት ገደብ አለ። ገዥው በባል ላይ ክስ መሥርቶ «ውሉ ይፈጸም» የሚል ፍርድ ሲያገኝ ሚስት በ358 ብትመጣ እንኳ ይህን ገደብ ያነሱባታል። አብዛኞቹ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ ያለ ሰው የክልሉን ሕግ መመልከት አለበት።

ገዥ ሆኖ የሚመጣው ተቃዋሚ በብዛት ይቸገራል። በእጁ ያለው በመንደር ሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት ፊት እንዲደረግ ያዛል፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን አጥብቆ ተርጉሞታል። ከዚያ በኋላ ሻጩ ውሉን ካመነ ይጸናል የሚል አተረጓጎም መጥቷል። ገዥዎች በዚህ ይጽናናሉ፤ ነገር ግን የሻጩ ማመን የሚሠራው በሻጩና በገዥው መካከል ነው። የዚሁ ሕግ ቁጥር 2878 ያልተመዘገበ ሽያጭ በሦስተኛ ወገን ላይ መቃወሚያ እንደማይሆን ይናገራል፤ በመቃወሚያ ክርክር ላይ ደግሞ ከፊት የቆመው ሰው ሻጩ ሳይሆን የሻጩ ባለገንዘብ ወይም ወራሽ ነው።

ገጠር ሌላ ዓለም ነው። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 አይሸጥም አይለወጥም። የገጠር መሬት ገዛሁ ብሎ የሚመጣ ተቃዋሚ በገዛ ማመልከቻው ይረታል፤ ዳኛው ማንም ሳያነሳው ይህን ያነሳዋል። የሚያዋጣው የውርስ፣ የስጦታ፣ የድልድል ወይም የጋራ ይዞታ መብት ነው። በአረንጓዴው ደብተር (በገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫው) ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ ካለ ባል ብቻውን ተሟግቶ የተረታበት ፍርድ ሚስትን እንዴት ይነካል የሚለው ጥያቄ በብዛት ይነሳል፤ ደብተሩም ከየትኛውም ምስክር ይልቅ ይናገራል።

በገጠር ከሁሉም የሚበዛው ተቃዋሚ ግን ጎረቤት ነው። ፍርዱ «በምሥራቅ የእገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን ወንዝ፣ በደቡብ የእገሌ መሬት የሚያዋስነው ሁለት ጥማድ» ይላል። አዋሳኙ ሞቶ መሬቱ ለልጆቹ ተከፋፍሏል፤ ወንዙ ዳርቻውን ቆርጦ ሄዷል። አፈጻጸሙ ላይ ለመለካት የመጣው ሰው በፍርዱ ቃል ሲሄድ የጎረቤትን ሩብ ጥማድ ጨምሮ ችካል ይመታል። ይህ ጎረቤት ፍርዱ ስህተት ነው አይልም፤ ፍርዱ በእኔ መሬት ላይ ተፈጸመ ነው የሚለው። መቃወሚያው በልኬት ይቆማል። ማሳው ተለክቶ ንድፉ የተነሳበት ሁለተኛ ደረጃ ካርታ ካለ የማሳው መለያ ቁጥር ይጠቀሳል፤ ከሌለ የወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ግራ ቀኙ ባሉበት ለክቶ ንድፉን እንዲያቀርብ ይጠየቃል። ጥማድ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በሄክታር ወይም በካሬ ሜትር ማስቀየር የግድ ነው።

የስምምነት ፍርድን ሳናነሳ ብናልፍ ዋናውን በሽታ ደበቅን ማለት ነው። ሁለት ዘመዳሞች አንዱ ከሳሽ አንዱ ተከሳሽ ሆነው ይቀርባሉ፤ በሁለተኛው ቀጠሮ «ታርቀናል፣ ቤቱ የከሳሽ መሆኑን ተከሳሽ አምኗል» ብለው የስምምነት ወረቀት ያስገባሉ፤ ፍርድ ቤቱ ይመዘግበዋል። ቤቱ ግን የሦስተኛዋ እህት ነው፤ ወይም ሦስቱም የወረሱት ነው። ክርክር ስላልነበረ ማስረጃ አልተመረመረም፣ ካርታ አልታየም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ዳኛው ስምምነቱ ከሕግና ከሞራል የማይቃረን መሆኑን እንዲያረጋግጥ ያዛል፤ የሦስተኛ ሰው መብት አለመነካቱ ግን በአንድ ጥያቄ እንኳ አይጣራም። እዚህ ላይ የሚጠበቀው የረቀቀ ነገር አይደለም። ከስምምነቱ በፊት የይዞታ ጽሕፈት ቤቱ «በዚህ ይዞታ ላይ በስም የተመዘገበው ማን ነው፣ ሌላ እግድ ወይም ዕዳ አለ ወይ» ለሚለው ጥያቄ በጽሑፍ እንዲመልስ ማዘዝ በቂ ነው።

በሌላ በኩል 358 ራሱ ይነገድበታል። የተረታ ሰው የአጎት ልጅ፣ የቀድሞ ሚስት፣ አንድ ቀን ያልታየ «ተከራይ» ተራ በተራ እየላከ አፈጻጸሙን ዓመት ሁለት ዓመት ያጓትታል። ሳይጠሩት አቤት የሚል ሁሉ መብት ያለው አይደለም። መፍትሔው በሩን ማጥበብ አይደለም፤ የእግዱን ዋጋ ማስከፈል ነው። አንድም የጽሑፍ ማስረጃ ያላያያዘ ተቃዋሚ እግድ ሲጠይቅ ዋስትና እንዲያስይዝ፣ መቃወሚያው ሆን ተብሎ ለማጓተት የቀረበ ሆኖ ሲገኝም ወጪና ኪሣራው ከኪሱ እንዲከፈል ችሎቶች በድፍረት ማዘዝ አለባቸው። ሥልጣኑ አላቸው።

ለከሳሾችም አንድ ነገር። ሰፊ ክስ ማቅረብ የሚያስፈራው ሰው አለ፤ ተከሳሽ በበዛ ቁጥር መዝገብ ይረዝማል ይላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ባልን ብቻ ከሶ ያሸነፈ ሰው ከሚስት ጋር ሌላ ክርክር ይጀምራል፤ አንዱን ወራሽ ከሶ ያሸነፈ ከአራቱ ጋር ይጀምራል። ክስ ከመጻፉ በፊት ከይዞታ ጽሕፈት ቤቱ የፋይሉን ሁኔታ፣ ከወሳኝ ኩነት የጋብቻ መረጃ፣ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ቢፈለግ ማን መጠራት እንዳለበት ይታወቃል። ዳኛም ቢሆን በቁጥር 40 መሠረት ማንም ሳይጠይቀው ሊገባ የሚገባውን ሰው ማስገባት ይችላል።

ለእናንተም ጥያቄ አለን። ጋዜጦች የሚያትሟቸው የፍርድ ቤት ጥሪዎችና የሐራጅ ማስታወቂያዎች ብዙ ጊዜ የተከራካሪዎችን ስም፣ የመዝገብ ቁጥርና የቀጠሮ ቀን ብቻ ይይዛሉ። የንብረቱ አድራሻ በአሮጌውም በአዲሱም አጠራር፣ የካርታ ቁጥሩና የካሬ ሜትር ስፋቱ ቢጨመር፣ የተከራካሪዎቹን ስም የማያውቅ ሰውም ቤቱን ያውቀዋል። የማስታወቂያ ክፍላችሁ ከፍርድ ቤቶች የሚመጣውን ጽሑፍ ሲቀበል እነዚህ እንዲሟሉ ቢጠይቅ የሚጨመረው ሁለት መስመር ነው።

በፍትሐ ብሔር ጉዳዮች የሚሠሩ ጠበቆች
ከአዲስ አበባ